ፔዳሉን የሚይዝልኝ ሰው

የማርታ እናት፣

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም፤ የሚባለውን ሁሉ እዚያው ፊት ለፊት እንባባለው ነበር። አሁንም የምጽፈው ሆዴ ባብቶ አይደለም፤ የምነግርሽ ነገር ስላለ ነው። ነገሩ ስለ መኪናዋ ነው፤ ስለ ፍሬኗ። ስትስቂ ይታየኛል። "ሰውየው ከሞትኩም በኋላ ስለ ፍሬን ነው የሚያወራኝ" ትያለሽ። በይ፤ ግን አስጨርሺኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ከጎናችን የነበረው አሮጌ ግቢ ፈርሶ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቶበታል። አምስት ፎቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ትሞቂበት የነበረው ደረጃ አሁን ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። መብራት ሲጠፋ የእነሱ ጄኔሬተር የእኛን ሳህኖች ያንጫጫል። ሄጄ ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። "አይዞዎት አባት፣ ይለምዱታል" አለኝ። አልለምደውም ብዬው መጣሁ፤ አልለመድኩትምም። አቮካዶዋ አታፈራምና ትቆረጥ ስል "ተዋት፣ ጊዜዋን ትጠብቅ" ብለሽ ያዳንሻት ዛፍ ዘንድሮ ፍሬዋ ቅርንጫፏን ሊሰብረው ነው። ልብስሽን የጸሎት ጓደኛሽ ዘነበች ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች አከፋፍላለች። ቡናማ ካፖርትሽን ማርታ ወሰደችው። እኔ ሽሮ መሥራት ችያለሁ። ማርታ ቀምሳ ጨው ጨመረችበት፤ ግን ጨረሰችው።

ትልቁን ወሬ አቆይቼዋለሁ። ልጃችን ነፍሰ ጡር ናት። ያን ሁሉ ዓመት ተንበርክከሽ የለመንሽለት ነገር አንቺ ከሄድሽ በኋላ መጣ። ስትነግረኝ ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ? "በርትተሽ ብዪ" አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። እሷ ግን ያንቺ ልጅ ናትና ገባት፤ አቅፋኝ አለቀሰች። አሁን ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። እዚያው ገርጂ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። ባሏ መስክ ሥራ ላይ ስለሆነ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ሥራዋ ሩዋንዳ ኤምባሲ አካባቢ ካለው ቢሮ አልተቀየረም። ጠዋትና ማታ ከዚያ ሆዷ ጋር ታክሲ ትጋፋለች።

ነገሩ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ምሳ እየበላን "አባዬ፣ መኪናዋን ስጠኝ" አለች። "ቆማ ከምትበሰብስ እኔን ትጥቀም።" ፍሬኗ ችግር አለበት አልኳት። "እሺ፣ ወሎ ሰፈር የማውቀው ጋራዥ አለ፣ ወስጄ ላሠራት።" ይህችን መኪና ከእኔ ሌላ ሰው ከፍቷት አያውቅም፤ አይከፍታትምም አልኳት። "እንግዲያው አንተ ሥራት!" አለች። መብላቴን ቀጠልኩ። ማርታ ሹካዋን አስቀምጣ አየችኝ። የቆመ ነገር አይቶ ዝም የማይል አባቷ ምን እንደነካው አልገባትም።

ለአንቺ ልንገርሽ። ለሌላ ለማንም አልተናገርኩትም።

ሆስፒታል ከመግባትሽ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ነድተሽ የገባሽ ቀን፣ የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ግቢው በር አዙረሽ ኋላዋን ለግንቡ ሰጥተሽ አቆምሻት። እንደ ልማድሽ ጫማሽን አውልቀሽ ነበር የነዳሽው፤ ተጎንብሰሽ አጠለቅሽና ወረድሽ። ከዚያ ወዲህ እንደተውሻት ናት። ወንበሩ ለአጭር እግርሽ ወደ ፊት እንደተሳበ ነው። መስታወቱ ወደ አንቺ ዓይን እንደዞረ ነው። የፔዳሉ ጎማ ባዶ እግርሽ ያረፈበት ቦታ ላይ ለስልሶ ያበራል። ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም። እኔ ራሴ መግባት አልችልም፤ ጉልበቴ ከመሪው ጋር ይጋጫል። ስለዚህ በየቅዳሜው በሩን ከፍቼ መሬት ላይ ትራስ አስቀምጥና እንበረከካለሁ። ከውጭ ሆኜ ቁልፉን አዞራለሁ፣ ሞተሩን አሞቃለሁ፣ ፍሬኑን በእጄ እጫናለሁ። ዘነበች በበሩ ቀዳዳ አይታኝ ኖሮ "ጋሽ ጴጥሮስ መኪና ሥር መጸለይ ጀመረ" ብላ አስወርታለች አሉ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ እንደዚያ አድርጌ በሩን ዘጋሁ። ሲመሻሽ የሠፈሩ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ገና አልተነሣም ነበርና ድፍን ጨለማ ሆነ። ሻማ ልፈልግ ስነሣ በመስኮቱ ግንቡን አየሁት። ቀይ ነው።

ወጣሁ። የመኪናዋ ሁለቱም የኋላ መብራቶች በርተዋል። ሰው ፍሬን ሲረግጥ ብቻ የሚበሩት ናቸው። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ውስጥ ማንም የለም። ወንበሩ ወደ ፊት ተስቦ፣ ልክ አንቺ እንደምትቀመጪበት፣ መሪውን ተጠግቶ ቆሟል። አንድ ሰው እዚያ ተቀምጦ ፔዳሉን ይዞ፣ ልቀቂ እስኪባል የሚጠብቅ ይመስላል።

የሞተ ሰው በየግቢው አይዞርም ብዬ ለሰው የምከራከር ሰው መሆኔን ታውቂያለሽ። በቀብርሽ ሰሞን አንዷ ዘመድሽ በሕልሟ እንዳየችሽ ስታወራ የገሠጽኳት እኔ ነኝ። የዚያን ምሽት ግን ወደ መስኮቷ ተጠጋሁ። ጮክ ብዬ "የማርታ እናት?" አልኩ።

ከዚያ ጄኔሬተሩ ተነሣና ዓለም ተመለሰች።

የእጅ ባትሪ ይዤ የመኪናዋን በር ከፈትኩ። ምንጣፉ ላይ፣ ከፔዳሉ ሥር፣ የተፈረፈረች ሰማያዊ ፕላስቲክ አገኘሁ። ያኔ ገባኝ። ከፔዳሉ አናት ላይ፣ እግር የማይደርስበት፣ የመብራቱ ማብሪያ አለ። ፔዳሉ ወደ ላይ ሲመለስ አንዲት የጥፍር ታህል ፕላስቲክ ማብሪያውን ትነካውና መብራቱ ይጠፋል። ያቺ ፕላስቲክ አርጅታ ስትፈርስ በቦታዋ ቀዳዳ ይቀራል፤ ማብሪያው የሚነካው ነገር አይኖርም፤ እግር ባይኖርም መብራቱ ይበራል። ጣቴን ቀዳዳው ላይ ስጭን ጠፋ። ሳነሣ በራ። አንዲት ብሎን ከነዳዶዋ ቀዳዳው ውስጥ ማሰር ነው፤ ሻይ እስኪፈላ የሚያልቅ ሥራ።

አልሠራሁትም።

እኔ፣ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ሰምቼ ምሳ የማይወርድልኝ ሰው፣ አልሠራሁትም። በማግስቱ ጠዋት የመኪናዋ ባትሪ እንዳይሞት አንዱን ገመድ ነቀልኩት። ሲመሽ መልሼ ሰካሁት። ከዚያ ወዲህ እንደዚያው ሆነ። ጠዋት እነቅላለሁ፣ ሲመሻሽ እሰካለሁ፣ ወንበሬን ከደረጃው አጠገብ አድርጌ ቀዩን ግንብ አያለሁ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። በገዛ እጄ የምሰካው ገመድ መሆኑንም አውቃለሁ። ማወቄ ግን ምንም አልቀነሰለትም። መብራቱ ሲበራ ወንበርሽ ላይ ሰው አለ። ሲጠፋ የለም። ሌላ ማብራሪያ አልነበረኝም፤ አልፈለግኩምም።

አንድ ምሽት ዘነበች ሁለት ሴቶች አስከትላ ልትጠይቀኝ ስትመጣ መብራቱን በርቶ አገኘችው። ገና በሩ ላይ ሆና "በኢየሱስ ስም! ውጣ! ልቀቅ!" ብላ እጇን ዘረጋች። ዘነበች፣ ይሄ ጋኔን አይደለም፣ የፍሬን መብራት ነው አልኳት። እጇን ሳታወርድ "ታዲያ ማን ረግጦት ነው የበራው?" አለችኝ።



ፔዳሉ እንደሚሰምጥ ያወቅኩትም በዚያ ሰሞን ነው። ተንበርክኬ በእጄ ቀስ ብዬ ተጭኜ ስይዘው፣ መጀመሪያ ይቆማል። ከዚያ፣ እኔ ሳልጨምርበት፣ ይወርዳል። ቀስ እያለ፣ ከሥር ሆኖ በዝግታ የሚስበው እጅ ያለ ይመስል፣ ወለሉ እስኪደርስ። እጄን አነሣሁ፤ ተመለሰ። እንደገና ያዝኩት፤ እንደገና ሰመጠ።

ይህኛውን ግን እንደ መብራቱ ልተወው አልቻልኩም፤ ቢያንስ ማወቅ ነበረብኝ። አራቱንም ጎማ በክሪክ እያነሣሁ ከውስጥ በኩል በነጭ ጨርቅ ጠረግኩ። እርጥብ የለም። ቧንቧዎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ዳበስኩ፤ ደረቅ ናቸው። ኮፈኑን ከፍቼ የፍሬን ዘይቱን ልክ በእርሳስ ምልክት አደረግኩበት፤ ከሳምንት በኋላ ባየው ከምልክቱ አልወረደም። ዘይቱ ወደ ውጭ ካልወጣ፣ ፔዳሉም ከሰመጠ፣ የሚያመልጠው በውስጥ ነው ማለት ነው። ኮፈኑ ሥር ያለው የፍሬኑ ፖምፓ፣ የእግርን ጉልበት ተቀብሎ ዘይቱን ወደ አራቱ ጎማ የሚገፋው፣ ውስጡ ያሉት ጎሚኒዎች፣ ዘይቱን የሚያግዱት የጎማ ቀለበቶች፣ አልቀዋል። ዘይቱን ይይዙታል፣ ከዚያ ይደክማቸውና ያሳልፉታል። በኃይል ስትረግጪው ደህና ይመስላል፤ ቀስ ብለሽ ስትይዢው ነው ጉዱ የሚታየው። ሰው መንገድ ላይ የሚይዘው ደግሞ ቀስ ብሎ ነው፤ መብራት ላይ፣ ቁልቁለት ላይ፣ ከፊቱ ሰው ሲያልፍ።

ማርታ በበኩሏ ለጋራዡ ሰው ደውላ ነግራው ኖሮ፣ ገና ሳያያት "ፖምፓው ነው፣ ለአባትሽ ንገሪልኝ" ብሏታል። በስልክ መኪና አይመረመርም ብዬ ተቆጣሁ። ልክ መሆኑ ነበር ያናደደኝ።

አውቄም አልሠራሁትም። ከሠራሁት ትወስዳታለች። ፍሬኗ ችግር አለበት ስላት እውነቴን ነበር፤ የእውነቴን ግማሽ።

ከዚያ ማርታ ወደቀች።

አትደንግጪ፣ ደህና ናት። መገናኛ ታክሲ ስትሳፈር ከኋላ የመጣ ግፊያ ጣላት። በእጇና በጉልበቷ ነው ያረፈችው፤ ሆዷን አላስነካችም። ሐኪም አይቷት ልጁ ደህና ነው ብሏል። እኔ የሰማሁት በማግስቱ፣ መዳፏ ተልጦ ጉልበቷ በፋሻ ታስሮ እያነከሰች ስትመጣ ነው። አልጮኸችም። አላለቀሰችም። ካፖርትሽን ለብሳ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና "አባዬ፣ ትሰጠኛለህ ወይስ አትሰጠኝም? አንዱን ንገረኝና ልረፍ" አለች።

የሚመጣው ቅዳሜ ነይ አልኳት።

ያን ምሽት ገመዱን አልሰካሁም።

ሰኞ ወሎ ሰፈር የመለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ጎሚኒ ብቻ ስጠኝ ስለው ሻጩ "ፋዘር፣ ጎሚኒ ብቻ አሁን ማን ይቀይራል? ሙሉ ፖምፓውን ይውሰዱ" አለኝ። እኔ ዕቃ ገዝቼ የምገጥም ሰው አይደለሁም፣ የተበላሸ የምጠግን ሰው ነኝ ብዬው ጎሚኒውን ይዤ መጣሁ። ቤት ፖምፓውን ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ጣቴን ከተትኩበት። ውስጡ እንደ መስታወት መለስለስ ነበረበት። ጥፍሬ ያዘኝ። እንደገና አዞርኩት፤ እንደገና ያዘኝ። ዝገት በልቶታል። ለራሴ ቢሆን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ አዲስ ጎሚኒ አልብሼ እመልሰው ነበር፤ ስንት ጊዜ ስሠራው አይተሻል። ያን ብረት ደረጃው ላይ አስቀመጥኩት። ማክሰኞ ተመልሼ ሄጄ ሙሉውን ገዛሁ። ሻጩ "አላልኩም?" የሚል ፊት አሳየኝ። ብለሃል አልኩት። እኔ ለሰው "ብለሃል" ስል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

አዲሱን ፖምፓ ራሴ ገጠምኩት። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ፖምፓ ሲፈታ ቧንቧው ውስጥ አየር ይገባል፤ አየሩ ካልወጣ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። አየር ማውጣት ደግሞ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይረግጣል፣ አንዱ ጎማው ሥር ተኝቶ የአየር ማውጫውን ብሎን በቁልፍ ይከፍታል ይዘጋል። የእኔና ያንቺ ሥራ። እኔ ከሥር "እርገጪ! ያዢ!" እላለሁ፤ አንቺ "ይዣለሁ!" ትያለሽ፤ ይህን ካላልሽ አልከፍትም። እስክዘጋ ድረስም እግርሽን አታነሺም፤ ካነሣሽ አየሩ ተመልሶ ይገባል። "አንተ ሰውዬ፣ መሬት ላይ ተኝተህ እንኳ ማዘዝ አይደክምህም" ትዪኝ ነበር። አንድ ጊዜ ሥራ መሐል ስልክሽ ጮኾ፣ እግርሽን ሳታነሺ ከእህትሽ ጋር ስለ ሠርግ ስታወሪ ጎማ ሥር ያስተኛሽኝን አልረሳሁትም።

ብቻዬን ልሞክር ብዬ ነበር። በወንበሩና በፔዳሉ መካከል የመጥረጊያ እንጨት ወጠርኩ። እንጨት አይረግጥም፣ ይወጠራል እንጂ፤ አየሩ ሲወጣ ፔዳሉን አይከተለውም። "ይዣለሁ" አይልም። ወረወርኩት።

ቅዳሜ ማርታ መጣች። በሩን ከፍታ ልትገባ ሞከረች፤ ሆዷ ከመሪው ጋር ተጋጨ። ወንበሩ በአንቺ ልክ ነው። "አባዬ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ልግፋው?" አለችኝ። ቆይ አልኳት። ተንበረከክኩ። ማንሻውን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ማርታ ፊቷን ወደ አቮካዶዋ አዞረች። ገፋሁት። ከቆመበት ስለደረቀ ጮኸ፤ ከዚያ ሄደ። ከሥሩ ምንም አልነበረም። አቧራና አንድ የከረሜላ ወረቀት።

ማርታ ገባች፣ ጫማዋን አወለቀች። እንድታወልቅ አልነገርኳትም። እኔ ከኋላ በቀኝ በኩል ካለው ጎማ ሥር ካርቶን አንጥፌ ተኛሁ።

እርገጪ አልኩ። ያዢ።

"ይዣለሁ!"

የማርታ እናት፣ ድምፅሽ ነበር። ከላይ፣ ከወንበርሽ፣ በብረቱ ውስጥ አልፎ፣ እንደ ድሮው ትንሽ ተሰላችቶ። ቁልፉ እጄ ላይ ቀረ። የልጃችን ድምፅ መሆኑን አውቃለሁ። አውቃለሁ፤ መብራቱንም አውቀው ነበር። ከመሬት ላይ ሆኜ ለመንቀሳቀስ ፈራሁ፤ ብንቀሳቀስ እንዳይጠፋ።

"አባዬ! ይዣለሁ እኮ ነው የምልህ! እግሬ ደነዘዘ፣ ተኛህ እንዴ?"

ከፈትኩ። አየሩ ከዘይቱ ጋር እየተንተከተከ ወጣ። ዘጋሁ። ልቀቂ አልኳት። አራቱንም ጎማ እንደዚያ ዞርናቸው። በየጎማው ሥር ያን ድምፅ ሰማሁት፤ በየጎማው ሥር አንዴ ፈርቼ አንዴ ከፈትኩ። የመጨረሻው ላይ አረፋ የሌለበት ጥርት ያለ ዘይት መጣ።

ከዚያ ፈተናው ቀረ። እኔ በሰዓት ስለካው አንቺ አታምኚም ነበር። ፍሬን በሠራሁ ቁጥር ፔዳሉን ቀስ ብለሽ ትይዢና ያንን የምትወጂውን መዝሙር አንድ ስንኝ ትዘምሪያለሽ፤ ስንኙ እስኪያልቅ እግርሽ ካልሰመጠ ተሠርቷል፣ ከሰመጠ አልተሠራም። እንዴት እንደማፍር ታውቂያለሽ፤ ጎረቤት የጋራዥ ሥራ ሳይሆን የጸሎት ቤት ይመስለው ነበር። ማርታ በልጅነቷ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ስታጅብሽ አድጋለች። ከቀብርሽ ወዲህ ግን ስትዘምር ሰምቻት አላውቅም፤ ከመዘምራኑም ወጥታለች።

ያዢ አልኳት። ቀስ ብለሽ። እናትሽ እንደምታደርገው አድርጊ።

ገባት። መሪውን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ጀመረች። መጀመሪያው ተሰባብሮ ነው የወጣው፤ መሐሉ ላይ ቀና። እኔ በተከፈተው በር ተንበርክኬ ዓይኔን ከእግሯ ላይ አላነሣሁም። ፔዳሉ ላይ ያለው እግር እርግዝና ያሳበጠው ነው፣ ቅርጹ ግን ያው ያንቺ ነው። ስንኙ አለቀ። ፔዳሉ የፀጉር ታህል አልወረደም።

ሁለተኛውንም ዘምሪ አልኳት። "አንዱ ይበቃል ትል አልነበር?" አለች። ለእርግጠኝነት ነው አልኩ። ለእርግጠኝነት አልነበረም። እሷም አውቃለች፤ ሦስቱንም ስንኝ ዘመረችልኝ።

የመጨረሻ ሥራዬ ያቺ ብሎን ነበረች። ማርታ ውሃ ልትጠጣ ስትገባ ቀዳዳው ውስጥ ከትቼ ዳዶዋን አጠበቅኩ። አልቸኮልኩም። ግንቡ ላይ የነበረው ቀይ ሄደ። ቀን ስለነበር ሲሄድ አልታየም።

ማርታ በዚያኑ ቀን መኪናዋን ይዛ ወጣች። እስከ ሩዋንዳ መታጠፊያ ድረስ አጠገቧ ተቀምጬ ሄድኩ። ቁልቁለቱ ላይ አቁሚ አልኳት፤ አቆመች፤ ቀጥ አለች። ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ። ሰኞ ጠዋት ከቢሮዋ ደወለች። "ደርሻለሁ አባዬ። ፍሬኑ አጥንት ነው። ትንሽ ስነካው ይይዛል" አለችኝ። ጎማሽን በየሳምንቱ እዪ ብዬ ዘጋሁ።

መኪናዋ የሄደችበት ቅዳሜ ማታ ከልማድ የተነሣ ወንበሬን አወጣሁ። መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ላይ መሬቱ ደርቆ ነጥቷል፤ ዙሪያው በክረምቱ ዝናብ ርሷል። ግንቡ ጨለማ ነው። ያ ሁሉ ቀይ ብርሃን ሲበራ አንድ ምሽት ነው የፈራሁት፤ ከዚያ ለምጄዋለሁ። ይህን ጨለማ ግን እስካሁን አልለመድኩትም። ዘነበች ብትመጣና ማን ነው የረገጠው ብትለኝ እወድ ነበር። አትመጣም፤ አሁን የሚያስፈራት ነገር የለም። እኔ ግን ተቀምጬ አያለሁ። አንዳንዴ ዓይኔ ራሱ ቀይ ያደርገዋል። አላባርረውም።

ልጁ ሲወለድ እጽፍልሻለሁ አልልሽም፤ ደብዳቤ የማበዛ ሰው አይደለሁም። አስታውስሻለሁ ማለትም ሰው ሁሉ የሚጽፈው ነው። ይህን ብቻ እወቂ። ማንበብንም መካኒክነትንም ያለ አስተማሪ፣ እየተሳሳትኩ፣ በእጄ ነው የተማርኩት፤ እንደዚያ ከተማርኩት ውስጥ እስከ ዛሬ የረሳሁት የለም። አንቺንም ማንም አላስተማረኝም።

የማርታ አባት